ኃይለኛው አዲስ ገዢና ሁለተኛው ተጫራች፦ የሲዳማ ቡና የበይነ መረብ ጨረታ ዋጋ እንዴት ይነበብ?

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው የ«ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማው አምራች የንጉሤ ገመዳ ቡና፣ በበይነ መረብ በተካሄደው ጨረታ በፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጠ። በዚያን ሰሞን በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ 1 ዶላር ገደማ ነበር። ሽያጩ በአገር ቤት መለኪያ ሲሰላ፣ አንዱ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ ግራም፣ ከ6,900 ዶላር በላይ አወጣ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሌላው የሲዳማ አምራች የታምሩ ታደሰ ቡና በፓውንድ 330 ዶላር ተሸጠ።

የምርት ገበያ መጋዘንና የቡና ጥራት ምርመራ ማዕከል ለሚገኝባት ሀዋሳ፣ እነዚህ ቁጥሮች ከክብር ያለፈ ትርጉም አላቸው። አቅራቢው እሸት ቡና ሲገዛ፣ ላኪው ውል ሲገባ፣ አርሶ አደሩ የማድረቂያ አልጋ ለመሥራት ሲበደር፣ እያንዳንዳቸው በልባቸው የሚይዙት ዋጋ አለ። ያ ዋጋ በቀጥታ ከክብረ ወሰኑ የተቀዳ ከሆነ ስሌታቸው ከመነሻው ይዛባል። የጨረታ ክብረ ወሰን የሚነገረው በአሸናፊው ስም ቢሆንም፣ ለገበያው ትርጉም የሚሰጠው ግን ከአሸናፊው ኋላ የቀረው ተሸናፊ ነውና።

ምክንያቱ የጨረታው አሠራር ነው። በግልጽ ጨረታ ዋጋው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ተጫራቾች አንዱ ሲተው ይቆማል። አንዱ ገዢ ለአንድ ቡና እስከ 200 ዶላር ለመክፈል ቢቆርጥ፣ ተከታዩ ግን 50 ዶላር ላይ ቢያቆም፣ ዋጋው ከ50 ጥቂት ከፍ ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ኃይለኛው ገዢ ብቻውን ዋጋ ሊሰቅል አይችልም፤ እስከ ጫፍ የሚከተለው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ዊልያም ቪክሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከመረመራቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የሁለተኛው ዋጋ ወሳኝነት ነው።

ይህን ሐሳብ በግልጽ የሚያሳየው የድረ ገጽ ስሞች ገበያ ነው። የድረ ገጽ ስምም እንደ አሸናፊ ቡና አምሳያ የለውም፤ ሁለት ሰዎች ሊገዙት ቢፈልጉ የሚያገኘው አንዱ ብቻ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የበይነ መረብ ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን «ዶት ዌብ» የተባለውን የስም መደብ ለጨረታ ሲያቀርብ፣ «ኑ ዶት ኮ» የተባለ አነስተኛ ኩባንያ በ135 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ከጥቂት ወራት በፊት «ዶት ሾፕ» የተሸጠው በ41.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ብዙም ሳይቆይ የገንዘቡ ምንጭ «ዶት ኮም»ን የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን መሆኑ ታወቀ። በጨረታው ደንብ መሠረት አሸናፊው የሚከፍለው ሁለተኛው ተጫራች የደረሰበትን ዋጋ ስለነበር፣ ያን ታላቅ ቁጥር የወሰነው በእርግጥ ተሸናፊው ነው። ከዚያም ለዓመታት የዘለቀ ክርክር ተከተለ፤ ማን ከማን ጋር እየተጫረተ እንደነበር ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አላወቁም ነበርና።

የጨረታው ዓይነት ሲለወጥ የኃይለኛው ገዢ ውጤትም ይለወጣል። ለዚህ ከአገር ቤት ምሳሌ አለ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ለአዲስ የቴሌኮም ፈቃድ በተካሄደው ጨረታ፣ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤም ቲ ኤን ደግሞ 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። ዋጋው የቀረበው በታሸገ ሰነድ ስለነበር አሸናፊው የተፎካካሪውን አቅም ሳያውቅ የራሱን ዋጋ ከፈለ፤ የ250 ሚሊዮን ዶላሩ ልዩነትም ለሻጩ ሆነ። በበይነ መረብ ግልጽ ጨረታ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት የሚቀረው በገዢው ኪስ ነው። እንግዲህ የቡናው ጨረታ 185 ወይም 330 ዶላር ሲደርስ፣ እስከዚያ ጫፍ የሄዱ ቢያንስ ሁለት ገዢዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ነገር ግን የሁለት ገዢዎች እልህና የሃያ ገዢዎች ፍላጎት አንድ አይደሉም።

የኃይለኛ ገዢ መምጣት በሌሎቹ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል። በአንድ በኩል፣ በአንደኛው ቡና የተሸነፉት ደንበኞች ያልወጣ ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ቡና ይዞራሉ፤ የእነዚህም ዋጋ ይነሣል። በሌላ በኩል፣ ነባሩ ገዢ በየዓመቱ እንደሚሸነፍ ከገመተ ናሙና መቅመሱንና መመዝገቡን ይተዋል። ኬፕን፣ ክላፕና ካምቤል የተባሉ መሐንዲሶች በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ነዳጅ ቦታዎች ጨረታ ሲጽፉ እንዳመለከቱት፣ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው የንብረቱን ዋጋ ከሁሉ አብልጦ የገመተው ነው፤ በዚህም ምክንያት አሸናፊነቱ ራሱ ኪሳራ ሊሆንበት ይችላል። የከሰረ ገዢ በሚቀጥለው ዓመት ላይመለስ ይችላል። እርሱ ሲቀር፣ ቀድሞ ያስወጣቸው ነባሮች ወዲያው ተመልሰው ቦታውን አይሞሉትም።

በዚህ ላይ አንደኛ የወጣ ቡና ከቡናነቱ ሌላ የሚሸጠው ነገር አለ። ገዢው የአሸናፊውን ቡና ሲገዛ ዜናውንም አብሮ ይገዛል፤ ስሙ ከውድድሩ ጋር ይነሣል፤ ደንበኞችም ሊቀምሱት ይመጣሉ። አሥራ አምስተኛ ለወጣው ቡና ግን ይህ ዝና የለውም፤ የሚከፈለው በአብዛኛው ለጣዕሙ ነው። በ2012ቱ ውድድር ወደ 1,500 የሚጠጉ ናሙናዎች ቀርበው ለጨረታ የደረሱት 28 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ለአብዛኛው አርሶ አደር ከአንደኛው ዋጋ ይልቅ የአሥራ አምስተኛውና የሃያ ስምንተኛው ዋጋ የተሻለ መምህር ነው።

አንዳንዶች ክብረ ወሰኑ ራሱ ጥቅም አለው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈለው ዋጋ የመጀመሪያው ዓመት የአጋጣሚ ነገር ብቻ እንዳልነበረ አሳይቷል። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 አምራቹ ቡናውን ማንነቱን እንደጠበቀ ለውጭ ገዢ እንዲያደርስ በር ከከፈተ ወዲህ፣ ጥራት ዋጋ እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ብርቱ ምልክት አስፈልጎ ነበር፤ ጨረታው ያን ሰጥቷል። ይሁንና ምልክትና ተመን የተለያዩ ናቸው። ምልክቱን አይቶ ቀይ እሸት ብቻ የሚለቅም አርሶ አደር ይጠቀማል፤ ምልክቱን እንደ ተመን ቆጥሮ የሚበደር ግን ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሔው ኃይለኛ ገዢን መከልከል አይደለም፤ የዋጋውን ውስጥ ማሳየት ነው። በበይነ መረብ ጨረታ እያንዳንዱ የቀረበ ዋጋ ከነሰዓቱ ይመዘገባል። አዘጋጆቹና የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ከአሸናፊው ዋጋ ጋር አራት ነገሮችን ቢያወጡ ይበቃል፦ ለእያንዳንዱ ቡና ስንት ተጫራች እንደቀረበ፣ ሁለተኛው የት ላይ እንዳቆመ፣ ከገዢዎቹ ስንቱ አዲስ እንደሆኑ፣ ካለፈው ዓመት ገዢዎችስ ስንቱ እንደተመለሱ። የተጫራቾቹን ስም መግለጽ አያስፈልግም። መረጃው በአማርኛና በሲዳምኛ ተዘጋጅቶ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢደርስ፣ አርሶ አደሩ በጎረቤቱ ዕድል ሳይሆን በራሱ ቡና ሚዛን መተመን ይችላል።

ሀዋሳ ላይ ሆኖ ገበያውን ለሚያጠና ተመራማሪም የሥራው መነሻ ይኸው ነው። ለከርሞው የቡናን ዕድል ለማወቅ፣ ስሙ በዜና የተነገረውን ገዢ ብቻ መከተል አይበቃም። ተሸንፎ የሄደው ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን መጠየቅ ይገባል።