«ማርክ ስንት ነው?»

በዚህ ሳምንት ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ጎበዝ ፎቶ አንሺ የሰርግ ሥራ አመለጠው። የሙሽራው ታላቅ ወንድም የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ካሜራህ ማርክ ስንት ነው?» «ማርክ ቱ ነው ጋሼ» አለ ልጁ። በቃ፣ ሥራው ለሌላ ተሰጠ። አልበሞቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው አንዱን እንኳ ገልጦ ያየ የለም። ደሜ ፈላ።

ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን ስነታረክ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም አልተውም። ካኖን ፋይቭ ዲ የተባለውን ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2005 አወጣ። አዳዲስ ትውልዶቹ፣ ማርክ ቱ በ2008፣ ማርክ ስሪ በ2012፣ ማርክ ፎር በ2016 ተከተሉ። መስታወት አልባዎቹ (ሚረርለስ) ካሜራዎች ሲመጡ ደግሞ ጥድፊያው ባሰ፤ አር ሲክስ በ2020፣ ማርክ ቱው በ2022፣ ማርክ ስሪው በ2025። ፋብሪካ ነውና ያውጣ፣ አልከሰውም። የሚያንገበግበኝ የይፋት ሰርገኛ ያንን ቁጥር የሙያ መለኪያ ማድረጉ ነው።

የ2008ቱ ማርክ ቱ 21 ሜጋፒክስል ነው። ከ12 ዓመት በኋላ የመጣው አር ሲክስ 20 ነው። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አልበም ጥርት አድርጎ ለማተም 17 ግድም ይበቃል።

ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን ያለፈ ሰው የቆላውን ፀሐይ ያውቀዋል። በጥር ቀትር ሙሽሮችን ሜዳ ላይ ገትረህ ብታነሳ ቬሎው ይነጣል፣ ዓይናቸው ሥር ይጠቁራል፤ ከዚህ የሚያድን ማርክ የለም። ያ ልጅ ምን ሲያደርግ እንዳየሁ ልንገራችሁ። ሙሽሪትን ጥላ ውስጥ፣ ፀሐይ ካረፈበት ነጭ ግድግዳ ትይዩ አቆማት። ከግድግዳው የተመለሰው ብርሃን ፊቷን አለሰለሰው። የቆዳዋ ቀለም እንዳለ ወጣ፤ የቀሚሷ ጥልፍ ክሩ ይቆጠራል።

አዲስ ካሜራ ምንም አይጠቅምም የሚልም ተሳስቷል። ማርክ ቱ ዘጠኝ የፎከስ ነጥብ አለው፤ ጨለማ ውስጥ የሚታመነው የመሐሉ ብቻ ነው። ማታ ዳስ ውስጥ ጭፈራው ሲደራ ዓይን እየተከተለ ፎከስ የሚያደርገው አዲሱ ይበልጠዋል። ሥራው በአብዛኛው ማታ የሆነ ሰው ይለውጥ። ሻተሩ ያለቀበትም ይለውጥ፤ የማርክ ቱ ሻተር 150,000 ጊዜ እንዲመታ ነው የተሠራው። በሰርግ 2,500 ቢነሳ 60 ሰርግ ማለት ነው፤ ከዚያም አልፎ የሚሠራ ሞልቷል። ሌላው ዕቁቡን ሌንስ ላይ ያውለው። የድሮው ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር አዲሱ አር ካሜራ ላይም ይሠራል።

ደግሞስ በምን አቅሙ? አር ሲክስ ማርክ ቱ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 2,499 ዶላር ነበር። ዶላር በባንክ 57 ብር በነበረ ጊዜ 142 ሺህ ብር ግድም ይሆናል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ በመቶው እንኳ ብናሰላ 250 ሺህ፣ ያውም ያለ ቀረጥና ያለ ነጋዴ ትርፍ። ልጁ ዋጋ ልጨምር ቢል መጀመሪያ የሚጮኸው ያው «ማርክ ስንት ነው?» ባዩ ነው።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ሌላ ነው። ሰንበቴ ያሉት አክስቴ የራሳቸውን ሰርግ ፎቶ፣ ጥቁርና ነጩን፣ እስከ ዛሬ ሳሎናቸው ሰቅለውታል። የልጃቸው ሰርግ በፍላሽ ተሰጣቸው፤ ፍላሹ አልከፍት አለ፣ ፎቶ አንሺውም ቦታ ሲጠበው አጥፍቶት ነበር። ካሜራው አዲስ ነበር። ልጃቸው ስትሞሸር የሚያሳይ አንድ የታተመ ወረቀት እቤት ውስጥ የለም።

በመጪው ጥር የምትድሩ፣ የቀትር ፎቶ አሳየን በሉት። ስንት ገጽ እንደሚያትም፣ ፎቶውን በስንት ሃርድ ዲስክ እንደሚያስቀምጥ ጠይቁት። ሁለት ካላችሁ ቀብዱን ስጡት።