ኮርሴቱን ለቀቅ አድርጉት

«ብሪጀርተን» የተሰኘው የኔትፍሊክስ ድራማ ገና በመጀመሪያው ክፍል አንዲት ወጣት ወገብ የሚያጠብቀው የውስጥ ልብሷ፣ ኮርሴቷ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሲጠፈር ያሳየናል። እናቷ አጠገቧ ቆማ በዚያ ዕድሜዋ የራሷ ወገብ ምን ያህል ቀጭን እንደነበር ታወራለች። ታሪኩ እ.አ.አ. በ1813 ለንደን ውስጥ ነው። የዚያ ዘመን ቀሚስ ደግሞ ከጡት ሥር ተሰብስቦ ወደ ታች የሚለቀቅ ነው። ለማይታይ ወገብ ማን ነፍሱን ያስጨንቃል?

በእጁ ሰፍቶ የሚያውቅ ሰውማ መጀመሪያ የሚያየው ማሰሪያው የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። ቀዳዳን በብረት ቀለበት መክፈፍ የመጣው ከ1820ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሰፊው ጨርቁን በወስፌ በስቶ ዙሪያውን በክር ይዘመዝመዋል። ክር ልክ አለው፤ እንደ ድራማው ቢጎትቱት ቀድሞ የሚሸነፈው ወገቡ ሳይሆን ጨርቁ ነው።

ታዲያ ትዕይንቱ ለምን ከፊልም ወደ ፊልም ይወረሳል? ስለሚመች ነው። የሴትን ጭቆና በአንድ ደቂቃ ለማሳየት ከገመድ ጉተታ የሚቀል ነገር የለም። ወገብ ለማቅጠን ጎድናቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ነበር የሚባለውማ ተራ አሉባልታ ነው። ኤተር ለማደንዘዣነት በአደባባይ የታየው በ1846 ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ቁስሉ አመርቅዞ ብዙ በሽተኛ ይሞት ነበር።

ከልክ በላይ የሚያጠብቁ አልነበሩም አልልም። የብረት ቀለበት ከመጣ በኋላ ነበሩ፤ ለዓመታት የለበሱት ሴቶች ጎድን ቅርጹን ይለውጥ ነበር፤ ሐኪሞቹም በከንቱ አልተቆጡም። ግን የእንግሊዙ ሲሚንግተን ፋብሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ «ቆንጆዋ የቤት ሠራተኛ» ብሎ የሰየመው ርካሽ ኮርሴት ይሸጥ ነበር። ገዢዋ ወለል የምትወለውል፣ የከሰል ባልዲ ይዛ ደረጃ የምትወጣ ሴት ናት። መተንፈስ ካቃታት እንጀራዋ ይቋረጣል። ለእሷ ኮርሴቱ፣ እኛ ዘንድ ሸክም የምታነሳ ሴት ወገቧን የምትታጠቅበትን መቀነት ያህል ነው፤ ጀርባዋን ይደግፋል፣ የተደራረበውን ቀሚስ ክብደት ያካፍልላታል።

ሙያውስ? የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኮርሴት ሰፊ፣ ድርብ የተልባ እግር ጨርቅ ላይ ጠባብ መስመሮችን ጥቅጥቅ አድርጎ ይሰፋል፤ በየመስመሩ ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚወጣ፣ እንደ ጥፍር ያለ ዘንግ ያስገባል። ዘንጉ በገላ ሙቀት ይለሰልስና የለባሿን ቅርጽ ይይዛል። በ1776 አሜሪካውያንን ለነፃነት የቀሰቀሰው ቶማስ ፔይን ከአባቱ የተማረው ሙያ ይኸው ነበር። የነፃነት ሰባኪው ማሰቃያ ሲሠራ ያደገ ነው ልንል ነው?

ኮርሴት በገላ ላይ በቀጥታ አይለበስም ነበር፤ ከሥሩ ስስ የተልባ እግር ቀሚስ አለ። ብዙ ፊልም ይህን ቀሚስ ያስቀርና ኮርሴቱን በባዶ ገላ ላይ ያጠብቃል። ከዚያ ተዋናይቷ ለጋዜጠኛ «ቆዳዬ ተላጠ፣ የድሮ ሴቶች እንዴት ቻሉት?» ትላለች። እነሱማ የውስጥ ቀሚሳቸውን ለብሰው ነበር። አቤቱታዋን ለአልባሳት ክፍሉ ብታቀርብ ይሻላል።