ሰደፍ አደጋውን አይቀንስም፤ ወደ ዓይን ያቀርበዋል



ትምህርት ሲዘጋ አንዳንድ ልጆች በስልክ ቪዲዮ አይተው ከውሃ ቱቦና ከፀጉር ስፕሬይ ድንች የሚተኩስ "መድፍ" ለመሥራት ይነሳሉ። ወላጅ ደግሞ "ዶክተር፣ ትከሻ ላይ የሚያርፍ ሰደፍ ቢገጠምለት አደጋው ይቀንሳል አይደል?" ይላል። መልሴ አጭር ነው፦ አይቀንስም፣ ይጨምራል።

ለምን?

👉 ሰደፍ የሚጠቅመው መሣሪያው ወደኋላ ሲገፋ ከእጅ እንዳያመልጥ ነው። ዋናው አደጋ ግን ጋዙ የሚቃጠልበት ቱቦ ነው። ቱቦው የተሠራው ውሃ እንዲያሳልፍ እንጂ ፍንዳታ እንዲችል አይደለም። ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁበት ደግሞ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ ላይ ሁለቱም ሞልተዋል። ልጅዎ ለማነጣጠር ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያስጠጋ ዓይኑና ጆሮው ከቱቦው አጠገብ ይሆናሉ። ቱቦው ቢፈነዳ ስብርባሪው ቀድሞ የሚያገኘው ፊቱን ነው።

👉 ሰደፍ ያለው ቱቦ ከሩቅ ጠመንጃ ይመስላል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ይዞት የሚወጣን ልጅ ያየ ጥበቃ ወይም ፖሊስ "ድንች ነው" ብሎ አይገምትም።

👉 በበጋ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል እሳት ለመያዝ አንዲት ፍንጣሪ ይበቃዋል።

"እኛም በወንጭፍ ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?" የምትሉ አላችሁ። ይህን የሚናገረው ዓይኑ የተረፈለት ነው። "ፈጠራቸውን አትግደል" ለምትሉም፦ ልጅ የሽቦ መኪና ይሥራ፣ ካይት ያብርር፣ ድልድይ ይገንባ። ፈጠራ ፍንዳታ አይፈልግም።

እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። ሆስፒታሉ ቅርብ መሆኑ ግን የፈሰሰ ዓይን አይመልስም። አልፎ አልፎ ደግሞ አንዱ ዓይን ክፉኛ ሲጎዳ ጤነኛው ዓይንም ተከትሎ ሊታመም ይችላል።

አደጋው ከደረሰ፦

✅ ዓይኑን አይሹ፣ አይጫኑ። የተሰካ ነገር ካለ አይንቀሉ።
✅ ዓይኑ ተወግቶ ወይም ተቀዶ ከሆነ በውሃ አይጠቡ፤ ጠብታም፣ የጡት ወተትም አይጨምሩ።
✅ ዓይኑን ሳይነካ በዙሪያው ያለው አጥንት ላይ እንዲያርፍ አድርገው በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ይከልሉት።
✅ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል ምግብና መጠጥ አይስጡ። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ።
✅ የተቃጠለ ቆዳን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያቀዝቅዙ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም እንቁላል አይቀቡ።
✅ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳት አደጋ 939 ይደውሉ።

ከሁለት ቀን በኋላ "ቀይ ሆኖ ቀረ" ብሎ ከመምጣት በዚያው ሰዓት መምጣት ይሻላል። ሕመሙ ቀለል ማለቱ ጉዳቱ ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ሰደፉን እንዴት እንግጠም ብላችሁ አትጨነቁ። ቱቦውን ውሰዱ፣ ስፕሬዩን ቆልፉበት፣ ከዚያ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ምክንያቱን አስረዱት። ዝም ብሎ መከልከል ልጁን ተደብቆ ወደ ጫካ እንዲሄድ ነው የሚያደርገው።

ይህን መልእክት ለጎረቤትዎና ለልጅዎ ጓደኞች ወላጆች ሼር ያድርጉ።