ቃሉን ብቻውን አትጠይቁን



ባለፈው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ዎተር» ምን ዓይነት ቃል ነው ተብለን ተጠየቅን። እኔ «ቨርብ» ብዬ መለስኩና ኤክስ ተደረገብኝ። መልሱ «ናውን» ነው ሲባል ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ያሰብኩት «ዊ ዎተር ዘ ፍላወርስ» የሚለውን ነበር። እዚያ ላይ ውሃ ማጠጣት ማለት ስለሆነ ግስ ነው። «አይ ድሪንክ ዎተር» ላይ ደግሞ ስም ነው።

በአማርኛም እኮ አለ! እናቴ «ሥራ አለብኝ» ስትል ስም ነው፤ «ተነስና ሥራ!» ስትለኝ ግን ግስ ነው።

የቃሉን መጨረሻ አይቶ መገመትም ያሳስታል። «ስሎውሊ» አድቨርብ ነው፤ «ፍሬንድሊ» ግን በ«ሊ» ቢያልቅም አጀክቲቭ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ቃላትን ለብቻቸው እየዘረዘርን መሸምደዳችን ይቅር። መምህሮቻችንም በፈተና ላይ ቃሉን ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብታችሁ፣ ከሥሩ አስምራችሁ ብትጠይቁን ጥሩ ነው። እኛ ተማሪዎችም መጀመሪያ «ይህ ቃል እዚህ ምን እየሠራ ነው?» እንበል። ያኔ አውቆ የመለሰ ልጅ አይሳቅበትም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?