ማዕድ ለአእምሮ የሚሰጠው

በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ቍጣው ሲፈጥን፥ ልቡ ሲከብድ ወይም የሰማውን ሲረሳ ምክንያቱን ከጠባዩ ወይም ከዕድሉ የመፈለግ ልማድ አለን። ልጅ ትምህርት አልገባው ሲል «ልበ ድፍን ነው» እንላለን፤ ጸሓፊ ከቀትር በኋላ ደብዳቤ ሲያበላሽ «ሰነፍ ነው» እንላለን፤ የቤት እመቤት ያለ ምክንያት ስታዝን «ዛር ነው» የሚሉም አይጠፉም። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነው፤ ይኸውም «ምን በልቷል?» የሚለው ነው።

አንጐል ከሰውነት ክብደት ከ100 እጅ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ ሰውነቱ ከሚያጠፋው ኃይል ከ100 እጅ 20 እጅ ያህሉን የሚወስድ እርሱ ነው። በሕፃን ዘንድ ድርሻው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ማዕዱ ሲጐድል ጕዳቱ በጡንቻ ላይ ብቻ ሳይሆን በማስታወስ፥ በትዕግሥትና በደስታ ላይም ይታያል። መጕደል ስንል የእንጀራን ማነስ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ጠግቦ የሚያድር ሰው አእምሮው ሊራብ ይችላልና። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆነን ወደ ምዕራብ ጐጃም እንሂድ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያገኛል። አገሩ በቆሎው፥ ጤፉ፥ ዳጉሳው፥ ድንቹና በርበሬው የተትረፈረፈበት ነው፤ ለራሱ በቅቶም ለሌላው ገበያ ይተርፋል። ይሁንና በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ይህ አገር ባለበት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆነው ከ100 ሕፃናት 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ሆኖ ተገኘ። የመላው አገር ቍጥር 38 ነበረ፤ ከክልሎችም ሁሉ ከፍ ያለው ይኸው የአማራ ቍጥር ነበረ። መቀጨጭ የቁመት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበን። ነገር ግን አንጐል ከሁሉ ይልቅ የሚያድገው ከፅንስ ጀምሮ እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጊዜ የቀጨጨ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በትምህርት ቤትም ወደ ኋላ ይቀራል፤ ያለፈውንም በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን ያወጀው ከ2 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ከዚህ መቀጨጭ ለማዳን ነው።

እህል በሞላበት አገር ሕፃን ስለ ምን ይቀጭጫል? ያልጠራ ውሃና ተደጋጋሚ ተቅማጥ ድርሻ አላቸው፤ ይህን ለጤና ጥበቃ ሰዎች እንተወው። የቀረው ግን የጓዳ ነገር ነው። ባለፉት ዐሥርታት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከመጣ ወዲህ በቆሎ በዚያ አገር እርሻ ላይ እየሰፋ ሄዷል፤ ከሞሰብም ገብቷል። በቆሎ ሆድ ይሞላል፥ ጉልበትም ይሰጣል። ነገር ግን ሊቃውንት ትሪፕቶፋን ብለው የሚጠሩት ገንቢ ነገር በእርሱ ውስጥ ጥቂት ነው፤ አንጐልም ስሜትንና እንቅልፍን የሚያስተካክልበትን ሴሮቶኒን የሚባለውን ቅመም የሚሠራው ከዚሁ ነገር ነው።

ሰው በበቆሎ ብቻ ቢኖር ምን እንደሚሆን በግልጥ ያሳየ ዮሴፍ ጎልድበርገር የሚባል የአሜሪካ ሐኪም ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡብ ያሉ ድኾች የሚኖሩት በበቆሎ፥ በሸንኮራ ዝቃጭና በአሳማ ስብ ነበረና ፔላግራ የሚባል በሽታ በዝቶባቸው ነበረ። በሽታው ቆዳን ይልጣል፥ ሆድን ያስቀምጣል፥ ከዚያም ወደ አእምሮ ይወጣል፤ በሽተኛው ያዝናል፥ ይረሳል፥ በመጨረሻም አእምሮውን ይስታል። ብዙ ሐኪሞች ተላላፊ ነው ብለው ሲፈሩ፥ ጎልድበርገር እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን መረመረ፤ በሙት ልጆች ማሳደጊያና በጆርጂያ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ምግቡን በወተት፥ በእንቍላል፥ በሥጋና በባቄላ ዘር ቢያሻሽል በሽታው ከዚያ ጠፋ። መድኃኒት አልሰጠም፤ የለወጠው ማዕዱን ብቻ ነው።

የጐጃም ሰው እንዲህ ያለ በሽታ አለበት ማለታችን አይደለም፤ በቆሎውን ለብቻው አይበላምና። እንጀራው ከሽሮ ጋር ሲቀርብ አንዱ የጐደለውን ሌላው ይሞላዋል። ስለዚህ ሽሮ የድኃ ወጥ ነው ብለው ከማዕዳቸው የሚያርቁ ጌቶች ቢመክሩበት መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ኑሮ ሲከብድ ሽሮው ሲቀጥን ነው፤ ባቄላውና ሽምብራው ወደ ገበያ ወጥቶ፥ በቤት የሚቀረው በርበሬ የበዛበት ውሃ ሲሆን። (የሽሮ እህል ሲገዛም ጓያ እንዳይበዛበት ይጠንቀቁ፤ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል።)

ከሽሮው ይልቅ የሚያሳዝነው የእንቍላሉ ነገር ነው። ዶሮ በየቤቱ አለ፤ እንቍላሉ ግን ተጠራቅሞ ለጨውና ለጋዝ መግዣ ይሆናል፥ ሕፃኑም የአጥሚትና የቂጣ ልጅ ሆኖ ያድጋል። በዚህ ላይ ጾም ይጨመራል። ምእመናን ግዴታ ሆኖ የሚጾሙት በዓመት 180 ቀን ያህል ነው። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለውን ሕፃን ጹም አላለችውም፤ ነገር ግን እናቲቱ የጾም ድስቷ ቅባት እንዳይነካው ስለምትፈራ፥ ሕፃኑ ባልታዘዘበት ጾም ከእርሷ ጋር ይጾማል። እንግዲህ ቁጠሩት፤ የ1 ዓመት ሕፃን የዓመቱን ግማሽ ያህል ወተትም እንቍላልም ሳያይ ያልፋል ማለት ነው። በወተት፥ በእንቍላልና በሥጋ እንጂ በእህል የማይገኘው ቢ12 የሚባለው ቪታሚን ለነርቭና ለአንጐል ዕድገት የግድ ያስፈልጋል። ለትልቅ ሰው ጕበቱ ያከማቸው ለብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ሕፃን ግን ይህን ያህል ስንቅ የለውም። መላው ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ የራሱ የሆነች ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ተለይተው ይቀመጡለት፤ የቤቱም ጾም አይደፈርም።

ዋጋው ከእንቍላልም ያነሰ፥ ጥቅሙ ግን ያላነሰ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ጨው ነው። በደጋና በወይና ደጋ ዝናም ለብዙ ዘመን አፈሩን እያጠበ አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ስለ ወሰደው፥ ከዚያ አፈር የሚበቅለው እህል አዮዲን ያንሰዋል። በዚህ ምክንያት የአንገት ዕጢ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባል ራሱ ነገሩ በአገራችን ምን ያህል የተለመደ እንደ ነበረ ይመሰክራል። አባቶቻችን እንቅርትን የመልክ ጕድለት አድርገው ያዩት ነበረ፤ እጅግ የከፋው ጕዳት ግን ከአንገት ላይ አይታይም። ነፍሰ ጡር ሴት አዮዲን ሲያንሳት የፅንሱ አንጐል እንደሚገባው አያድግም፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ «ልበ ድፍን» ብለን የምንሰድበው ምናልባት ይኸው ልጅ ነው።

ቀድሞ ከቀይ ባሕር ጠረፍ የሚመጣልን ጨው አዮዲን ነበረበት። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ሲዘጋ ግን የአገሩ ጨው ከአፋር፥ ከአፍዴራ ሐይቅ ይመጣ ጀመር፤ ይህም አዮዲን ያልተጨመረበት ነበረ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አወጣ። ደንቡ ግን ከጓዳ ውስጥ አይገባም። አዮዲን በፀሓይ፥ በእርጥበትና በእሳት ይጠፋልና፥ ጨው ከምድጃ ርቆ በደረቅና በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ በወጥ ውስጥም ከሽንኩርቱ ጋር ሳይሆን ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። አሞሌ የሚወዱ ቤቶች አሞሌውን ለከብት ያድርጉት።

ጐጃም ሲነሣ ግን ከእህሉ በፊት ቅኔው ይታወሳል፤ አእምሮን ስለ ማሳል የሚጽፍ ሰውም የቆሎ ተማሪን ዘልሎ ሊያልፍ አይችልም። ዋሸራን በመሰለ የቅኔ ቤት ያደገ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን ይዞ፥ ከየደጃፉ በለመነው ድርቆሽና ቆሎ ሌሊቱን ሲያወርድ ያድራል። ጥቂት ምግብ ነው፤ ሆኖም የገብሱ ቆሎ ከሽምብራ ጋር ሲደባለቅ እላይ እንደ ተናገርነው እንደ እንጀራና ሽሮ ይሆናል፥ በሆድም ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ኃይሉ አንድ ጊዜ ነድዶ አይጠፋም።

ያሳዘነን ሌላው ነው። ትምህርት ቶሎ እንዲገባና እንዳይረሳ ተብሎ አብሾ የሚጠጣበት ልማድ አለ። ለዚህ የሚወሰደው አስተናግር ወይም ዕፀ ፋርስ የሚባለው ተክል ነው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ሰውን ያለ ልቡ ያናግራል። በፍሬው ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉ። እነሆ ልብ ይበሉ፤ የዛሬ ተመራማሪዎች የመርሳትን ጠባይ ለመመርመር ሲፈልጉ የጤነኛውን ሰው ማስታወስ ለጊዜው የሚያደክሙት በዚሁ በስኮፖላሚን ነው። ተማሪው ትዝታን እገዛለሁ ብሎ የሚጠጣው ትዝታን የሚያጠፋውን ነው፤ መጠኑ ካለፈም አእምሮን ያናውጣል፥ ይገድላልም። አብሾ ጠጥቶ ሊቅ ሆነ የሚባል ሰው ቢኖር፥ ሊቅ ያደረገው መምህሩና ሌሊቱ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ልጆች ይህን ያህል ካልን፥ የትልልቆቹን ገበታ ዝም ብለን ብናልፍ አድልዎ ይሆናል። በከተማ ቤት ቍርስ ማለት ስኳር የበዛበት ሻይና ነጭ ዳቦ ሆኗል። ይህ ቶሎ ያነቃል፥ ቶሎም ይከዳል፤ ረፋድ ላይ ጉዳይ የሚሰማ ሹም ባለጉዳዩን የሚቆጣበት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሻይም ቡናም ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ከጤፉና ከጐመኑ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳያገኝ ይከለክላሉ፤ የብረት ማነስም በሴቶች ዘንድ ድካምንና የሐሳብ መበተንን ያመጣል። ስለዚህ ቡናው ከምሳ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢፈላ ይሻላል፤ በገበታውም ላይ ጥሬ ቃሪያ ወይም ሎሚ ቢኖር ብረቱን ያግዛል። የደረቀ በርበሬ ይህን አያደርግም፥ ሲደርቅ ቪታሚን ሲው ጠፍቷልና። የማታ ቡና ደግሞ የጠጡት ግማሹ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም በደም ውስጥ ስለሚቈይ እንቅልፍን ይሰርቃል።

እንቅልፍ እንዲመጣ አረቄ የሚቀምሱ ሰዎችም አሉ። አረቄ ያስተኛል፤ ነገር ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፉን ይቈራርጠዋል፥ ጧትም ከራስ ምታት ጋር ኀዘንንና ቍጣን ትቶ ይሄዳል። በጐጃም አረቄው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዳጉሳ ነው። ዳጉሳ በ100 ግራም ውስጥ ከ300 ሚሊ ግራም የማያንስ ካልሲየም ያለው ምርጥ እህል ሲሆን፥ በአረቄ ጋን ከገባ ይህ ሁሉ በአተላው ይቀራል። ዳጉሳ ከባቄላ ዱቄት ጋር ለሕፃናት ገንፎ እንዴት እንደሚዘጋጅ በሚመጣው ሳምንት እንጽፋለን።