ማተብን ስለ መሸሸግ



በእኛ ቋንቋ የታመነን ሰው ለማመስገን ስንፈልግ «ባለ ማተብ ነው» እንላለን። ቃሉን የማይጠብቀውን፣ አደራ የሚበላውንና ጓደኛውን አሳልፎ የሚሰጠውን ደግሞ «ማተብ የለውም» ብለን እንነቅፈዋለን። ማተብ ግን ክር ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ በአንገት ላይ የሚታሰር ቀጭን ክር ነው። ስሙም የመጣው «ዐተበ» ከሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን ትርጓሜው ምልክት ማድረግ፣ ማማተብ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ቀጭን ክር የታማኝነት መጠሪያ ለመሆን የበቃው ስለ ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ የሚያኰራኝ ባይሆንም ከእርሱ እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር መጨረሻ ለጥያቄና መልስ ውድድር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደን ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ከየአገሩ የመጣን ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ለምሳ ተቀመጥን። በአጠገቤ የነበሩት የትልቅ ከተማ ልጆች አነጋገራቸው ፈጣን፣ አለባበሳቸው ያማረ ነበር። የቀረበልን ወጥ የሥጋ ነበር። እኔ ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ እናቴ ከ7 ዓመቴ ጀምራ አስለምዳኛለች። ነገር ግን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ «ዛሬ ጾም ነው» የሚል አንድ ሰው አልሰማሁም። ስለዚህ ማንም ሳያየኝ ማተቤን ወደ ሸሚዜ ኮሌታ ውስጥ ከተትሁት። «ለምን አትበዪም?» ብለው ሲጠይቁኝም «ሆዴን አሞኛል» አልሁ።

ከእኛ ጋር የመጣች አንዲት ሙስሊም የክፍል ጓደኛችን በፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። እርሷ አስተናጋጁን ጠርታ «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ይህ ሥጋ የማን እርድ ነው?» ብላ ያለ አንዳች ኀፍረት ጠየቀችው። የክርስቲያን እርድ መሆኑን ሲነግራት «እንግዲያው የጾም ምግብ ካላችሁ አምጡልኝ» አለች። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ያለበት በየዐይነቱ መጣላት። የሣቀባት ሰው አልነበረም። እንዲያውም ከትልቁ ከተማ ልጆች አንዱ ቀና ብሎ «ለእኔም እንደ እርሷ አድርጉልኝ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው» አለ። ለካ እርሱም እንደ እኔ የሚናገር ሰው ሲጠብቅ ኖሯል!

እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱት። ሙስሊሟ የጾም ምግብ በልታ ጠገበች፤ ክርስቲያኗ ዋሽታ ጦሟን ዋለች። ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ እውነቱን ነገርኋት። «ጾመኛ ከነበርሽ ለምን አልነገርሽኝም? በየዐይነቱው ለሁለት ይበቃን ነበርኮ» አለችኝ። ቀጥላም ሻሿን በጣቷ ነካ አድርጋ «እኔ ልሸሽግ ብልም አልችልም፤ ይኸ ቀድሞኝ ይናገራል» አለች። ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር እስክንገባ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያን ቀን ማንም አላስፈራራኝም። ማንም ሃይማኖትሽን ካጂ አላለኝም። ያሸነፈኝ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በቦታው ሲሆን መልካም ነገር ነው፤ ሰውን ከባለጌነት ይጠብቃል፤ ታላቅን ያስከብራል። ከቦታው ሲወጣ ግን ሰውን ለራሱ ግምት ባሪያ ያደርገዋል። «ይሉኛል» ብዬ ዋሸሁ እንጂ ሰዎቹ ያሉኝ አንድም ነገር አልነበረም።

ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ከምሳ ሰዓት ኀፍረት እጅግ ይበልጥ ነበር። በእኛ በዓባይ ማዶ በኩል የጣናን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ሰው በደራ ወረዳ ቆራጣ የምትባል ስፍራ ትገኛለች። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለው በዚያ ነው። ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ልጅ፣ የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች፤ መልክአ ክርስቶስም ከዐፄ ሱስንዮስ የቅርብ ሹማምንት አንዱ ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲከተላቸው ባዘዙ ጊዜ እርሷ እሺ ብትል ኖሮ ክብሯም ንብረቷም አይነካም ነበር። እርሷ ግን ቤቷንና ሹመተኛ ባሏን ትታ መነኰሰች። በሸንጎ ቀርባ ስትጠየቅም እምነቷን አልካደችም፤ ስለዚህ ወደ ዠበይ በረሃ ተግዛ 3 ዓመት ተቀመጠች። ንጉሡ በሰኔ ወር 1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ። እርሷም ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አረፈች። ካረፈች ከ30 ዓመት ያህል በኋላም ገድሏ ተጻፈ።

ይህን የማነሣው የካቶሊክ ወገኖቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በእነርሱም በኩል የጎጃሙ ተወላጅ አባ ገብረ ሚካኤል ሕሊናቸው ያመነበትን አልክድም ብለው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በ1847 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞተዋል። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የምንማረው የእውነተኛ ሰው እምነት በንጉሥ ትእዛዝ የማይለወጥ መሆኑን ነው። እኔ ግን በንጉሥ ፊት ሳይሆን በማላውቃቸው ልጆች ፊት ተንቀጠቀጥሁ።

ነገሩ የጥንት ሰዎች ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ የሊቢያን ያስታውስ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. 30 ያህል ኢትዮጵያውያን በክርስትናቸው ምክንያት በባሕር ዳርና በበረሃ ተገደሉ። እነዚያ ሰዎች ጳጳሳት ወይም መነኰሳት አልነበሩም፤ እንጀራ ፍለጋ ከየሰፈሩ የወጡ፣ እንደ ታላላቅ ወንድሞቻችን ያሉ ወጣቶች ነበሩ። እኔ ያን ጊዜ ገና ፊደል አልቆጠርሁም፤ ነገር ግን እናቴ ዜናውን ስትሰማ አንገቴን ዳብሳ ማተቤን እንደ ነካች አስታውሳለሁ። ያንኑ ማተብ ነው በአንድ ሳህን ወጥ ምክንያት የሸሸግሁት።

ምናልባት አንድ አንባቢ «ወንጌል ስንጾም ለሰው እንዳናስታውቅ፣ ስንጸልይም ደጃችንን እንድንዘጋ ያስተምረን የለምን?» ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን ያው ወንጌል መብራትን አብርቶ የሚከድን እንደሌለም ያስተምራል። ሁለቱ የሚጣሉ አይደሉም። ይህን የተረዳሁት ከራሴ ሌላ ጥፋት ነው። አምና ከክፍላችን ጋር በጀልባ ወደ ዘጌ ሄደን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን በጐበኘን ጊዜ ነጠላዬን አሳምሬ፣ ማተቤንም ከልብሴ በላይ አውጥቼ፣ ግድግዳው ላይ ከተሣሉት ሰማዕታት አጠገብ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሣሁ፤ ለጓደኞቼም ሁሉ ላክሁት። ብዙዎችም አመሰገኑኝ። እንግዲህ በገዳሙ ያወጣሁትና በምሳው ጠረጴዛ የሸሸግሁት ያንኑ ክር ነው። በዚያ ለመመስገን፣ በዚህ እንዳልነቀፍ ነው። በሁለቱም ቦታ የተመለከትሁት የሰውን ዐይን እንጂ የእግዚአብሔርን አይደለም። ስለዚህ ለታይታ የሚያወጣና በፍርሃት የሚሸሽግ ሰው ጠባያቸው አንድ ነው እላለሁ። ባለ ማተብ የሚባለው በገዳሙም በጠረጴዛውም ዘንድ አንድ ዐይነት ሆኖ የሚገኘው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማተብን መግለጥ የሚከብደን ሰው ስለሚስቅብን ብቻ አይመስለኝም። ከታወቅን በኋላ እንደ ታወቅነው መኖር ግዴታ ስለሚሆንብን ነው። ማተቧ የሚታይ ልጅ ስትዋሽ «ይኸ ነው ክርስትናሽ?» የሚላት ይኖራል። የተሸሸገ ማተብ ግን ማንንም አያስርም። ክሩ የታማኝነት መጠሪያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው እላለሁ፤ ያሰረው ሰው ሁሉ ጻድቅ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ በታየበት ሁሉ የሚጠየቅበት ስለ ሆነ ነው። የማንጠየቅበት ሃይማኖት ደግሞ፣ ክሩ በአንገት ላይ ቢውልም፣ እምነቱ ከአንገት በላይ ነው።

በትምህርት ቤት ይህ ፈተና ከሁሉ በላይ የሚታየው በኩረጃ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርስቲው ውስጥ መሰጠት እንደ ጀመረ ሁላችን እናውቃለን። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የጦርነትም፣ የመጽሐፍ እጥረትም፣ የትምህርት ጥራትም ጉዳይ አለበት። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሲኰርጅና ሲያስኰርጅ የነበረው ተማሪ ሁሉ አንገቱ ባዶ ነበርን? አልነበረም። ጧት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳልሞ፣ በፈተናው ወረቀት ላይ አማትቦ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጓደኛው ወረቀት የሚያጮልቅ ሞልቶ ነበር። ከእነዚህም አንዷ እኔ ነበርሁ።

ዘንድሮ በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አንዲት የምወዳት ጓደኛዬ እንዳስኰርጃት ለመነችኝ። ያን የአውቶቡስ ሌሊት አስታወስሁና «አልችልም፤ ነገር ግን ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ከትምህርት በኋላ አብረን እናጥና» አልኋት። «ጻድቋ!» አለችኝ። ይህች አንዲት ቃል ከዚያ አዳራሽ ልጆች ሁሉ ይልቅ አስፈርታኛለች። ማጥናቱን አብረን ጀምረናል፤ ወዳጅነታችን ግን እስከ ዛሬ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ይህን የምጽፈው አንባቢ ዋጋውን እንዲያውቅ ነው። እምነትን መግለጥ ሁልጊዜ በየዐይነቱ ይዞ አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚያሳዝን ዝምታ ይዞ ይመጣል። ቢሆንም በድጋሚ ብጠየቅ መልሴ ያው ነው።

ለወላጆቻችንና ለመምህሮቻችንም በአክብሮት አንድ ነገር ላቀርብ እወዳለሁ። ማተቡን ያሰራችሁልን እናንተ ናችሁ። ነገር ግን ክሩን አስራችሁ ትርጓሜውን ሳትነግሩን የምትቀሩበት ጊዜ አለ። እንግዳ በር ሲያንኳኳ «አባቴ የለም በይ» ተብላ የተላከች ልጅ ማተብ ምን ማለት እንደ ሆነ ከማን ትማራለች? ልጅ የሚማረው ከሚነገረው ይልቅ ከሚያየው ነውና፣ በቤት ውስጥ እውነት ተናግራችሁ ስትጎዱ ብናይ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅመናል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ማተባችንን እንግለጥ ስል ሌላውን እንናቅበት ማለቴ አይደለም። ማተብ የማያስሩ ክርስቲያኖችም በክፍላችን አሉ፤ ሙስሊም ጓደኞቻችንም አሉ፤ እኔን ያስተማረችኝም ከእነርሱ አንዷ ናት። ማተብ የጠብ ምልክት ከሆነ ከተሸሸገው ይልቅ ይከፋል። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ጾመኛ ከሆንን «ጾመኛ ነኝ» እንበል፤ የምንጸልይ ከሆንን ስንበላ እጃችን ወደ ግንባራችን ሲሄድ አንፈር፤ ካማተብን በኋላም እንደ አማተበ ሰው እንሥራ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከእኔ ጋር ምሳ የሚቀመጥ ተማሪ ቢኖር፣ ምሳዬ ሽሮ ነው፤ ለሁለትም ይበቃል። ለሁላችንም በገዳሙም ሆነ በጠረጴዛው አንድ ዐይነት ሰው የምንሆንበትን ድፍረት እግዚአብሔር ይስጠን።