ለቤተ ሰብ የሚበቃው ኮምፒዩተር

«ኮምፒዩተር» ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ወይ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍል ተደርድሮ የምናየው ትልቅ ሣጥን፥ ወይም ገንዘብ ያለው ሰው በቦርሳው ይዞት የሚዞረው ላፕቶፕ ነው። ከእነዚህ የቀረው ሁሉ የልጆች መጫወቻ ይመስለናል። ስለዚህም አንድ የቤተ ሰብ አባት «ለልጆቼ ኮምፒዩተር ልግዛ» ብሎ ሲያስብ ዋጋውን ይሰማና አሳቡን ለሚመጣው ዓመት ያሳድረዋል፤ የሚመጣውም ዓመት እንደዚሁ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ለመካከለኛ ኑሮ ጥቂት ኤሌክትሪክ የምትወስድ ትንሽ ኮምፒዩተር እንደምትበቃ ማስረዳት ነው። ደግሞም ይህችን መሣሪያ በየቤታችን የማቋቋሙ ሥራ ከማንም ይልቅ የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው እላለሁ።

ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከፊሉ በወረቀት፥ ከፊሉም በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። በዚያው ክረምት አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮዲንግ ሙያ ለማስተማር የታቀደው የኢንተርኔት ትምህርት ተጀምሯል። እንግዲህ ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ልጅና በሕይወቱ የፊደል ገበታ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ምን ይሆናል? ሁለቱም ፊዚክሱን እኩል አጥንተው ይሆናል። አንዱ ግን ጥያቄውን ሲያነብ፥ ሌላው «የቱን ልጫን?» እያለ ይደናገጣል። እውቀታቸው እኩል ሆኖ ሳለ እጃቸው እኩል አይደለም። እንዲህ ያለውን ልዩነት ትምህርት ቤት ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም፤ እጅ የሚለመደው በቤት ነውና።

«ስልክ አላቸው አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስልክ በብዙ ቤት ገብቷል። ዳሩ ግን ስልክ የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ አባት ሲወጣ አብሮት ይወጣል፥ ሲመሽም ባትሪው ያልቃል። ከዚህም በላይ ስልክ ለማንበብና ለማየት እንጂ ለመሥራት የተመቸ አይደለም። የአሥር ገጽ ድርሰት በአውራ ጣት መጻፍ፥ የወጪና የገቢ ሠንጠረዥ በመዳፍ በምታህል መስታወት ላይ ማዘጋጀት እንዴት እንደሚያታክት የሞከረው ያውቀዋል። በስልክ ብቻ ያደገ ትውልድ የሌላውን ሥራ ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁ።

አሁን ወደ ትንሿ ኮምፒዩተር ልምጣ። ራዝቤሪ ፓይ የተባለችው መሣሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር በየካቲት 29 ቀን 2012 በእንግሊዝ አገር በ35 ዶላር ለገበያ ቀረበች። አነሣሷ ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት የሚሰጥ ነው። ኤበን አፕተንና በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባልደረቦቹ፥ ኮምፒዩተር ለማጥናት የሚያመለክቱ ወጣቶች ቁጥርም ችሎታም እየቀነሰ መሄዱን ተመለከቱ። ቀድሞ ይመጡ የነበሩት ልጆች በቤታቸው እንደ ቢቢሲ ማይክሮ ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ፕሮግራም ሲጽፉ ያደጉ ነበሩ። እነዚያ መሣሪያዎች ከቤት ሲጠፉ ልምዱም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ መምህራኑ መድኃኒቱን የፈለጉት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሳይሆን በልጆቹ ቤት ነበር። ካምብሪጅን የሚያህል ዩኒቨርሲቲ የቤቱ ጉድለት እንዲህ ከተሰማው፥ ለእኛማ እንዴት!

የመጀመሪያዋ መሣሪያ ለቤተ ሰብ ሥራ ደካማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2019 አራተኛዋ ስትወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በኅዳር 2020 ደግሞ «ራዝቤሪ ፓይ 400» የተባለችው መጣች። ይህች መላ አካልዋ በፊደል ገበታው ውስጥ የተቀበረ፥ አራት ጊጋባይት ማስታወሻ ያላት ኮምፒዩተር ስትሆን ስትወጣ ዋጋዋ 70 ዶላር ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት የብር ምንዛሪ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ማናቸውም የውጭ ዕቃ ለእኛ ከብዷል። ቢሆንም አዲስ ላፕቶፕ ከሚጠይቀው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ብዙ ነው። ማያውን አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ በቤት ያለው ቴሌቪዥን ኤች ዲ ኤም አይ መሰኪያ ካለው ይበቃል። ነገር ግን ገመዱ በአንድ በኩል ጫፉ አነስተኛ የሆነው ዓይነት መሆን አለበት፤ የተለመደው አይገጥምም።

ሥራዋስ? ደብዳቤና ድርሰት ይጻፍባታል፥ ሒሳብ ይሠራባታል፥ ኢንተርኔት ይታይባታል፥ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም ይለመድባታል። ሥርዓቷ ሊኑክስ ስለሆነ ለፕሮግራሞቹ ገንዘብ አይከፈልም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ስለ ገባ በአማርኛ መጻፍም ችግር የለውም። ኢንተርኔት ለሌለው ቤት ደግሞ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ዊኪፔድያን በካርድ ጭኖ ያለ መስመር ማንበብ ይቻላል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የዚህች ኮምፒዩተር ኀይል ሰጪ 15 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። እንግዲህ ምጣዱ ሳያቋርጥ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኀይል፥ የቴሌቪዥኑን ሳንቆጥር፥ ይህችን ኮምፒዩተር 200 ሰዓት ያህል ያሠራታል ማለት ነው። «መብራት ይቈጥራል፥ አጥፉት!» እያለች ለምትጮኽ እናት ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ጉድለቷን ብደብቅ ግን ነጋዴ እንጂ ጸሐፊ አልሆንም። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አይሄዱባትም፤ የምህንድስና ተማሪ በኦቶካድ ሊነድፍባት ቢፈልግ አትሆነውም። ብዙ ገጽ ባንድ ጊዜ ቢከፍቱባት ታዘግማለች። ከሁሉ የሚከፋው መብራት በድንገት ሲጠፋ ነው፤ ሥርዓቷና ጽሑፉ ሁሉ ያለው በትንሽ ካርድ ላይ ስለሆነ፥ እየጻፈች ሳለ ኀይል ቢቋረጥባት ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የካርዱን ግልባጭ አዘጋጅቶ በመሳቢያ ማስቀመጥና የልጆቹን ጽሑፍ በሌላ ፍላሽ መያዝ ነው። በርካሽ የተገኘ አሮጌ ዴስክቶፕ ያለውም ሰው አይጣለው፤ መብራቱን ይበላል እንጂ ያስተምራል።

እንግዲህ እውነተኛው እንቅፋት ምንድን ነው? ክብር ፈላጊነታችን ይመስለኛል። ትልቁን ዕቃ ለእንግዳ ማሳየት እንወዳለን፤ ትንሿን ግን «ይቺም ኮምፒዩተር ሆነች?» ብለን እንንቃለን። አባቶቻችን ግን «ሙያ በልብ ነው» ብለዋል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣው ዘመዳችን «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል፥ ለአንድ ልጅ አዲስ ስልክ ከምንጠይቀው ለቤቱ ሁሉ ይህችን ብንጠይቀው ምን አለበት?

ወንድሞችና እኅቶች! ክረምት ሲመጣ ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን። የቴክኖሎጂ ተማሪዎች አማርኛ መጻፊያውና ኪዊክሱ የተጫነበት ካርድ ቢያዘጋጁ፥ ማኅበራችንም ለአባላቱ ቢያባዛው ወጪው ጥቂት ነው። የተቀረነው ደግሞ ቤት ገብተን መሣሪያዋን እንትከል፤ ለታናናሾቻችን የሰዓት ተራ እናውጣ፤ ለሴቶቹም እንደ ወንዶቹ እኩል ሰዓት እንስጥ። በቡና ሰዓት ቴሌቪዥኑን ለኮምፒዩተሩ የሚለቅ ቤተ ሰብ ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ይህን ክርክር በቤት ውስጥ ሊረታ የሚችለው ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ነው፤ የእሱን ቃል ይሰሙታልና። እኛ ካልተናገርን ማን ይናገርላቸዋል?